የሲሚንቶ ወረቀት

ጥቅምት 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ቅዳሜ ጠዋት ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ከሚገኝ አንድ የሥራ ቤት፣ በማግሥቱ ለዐውደ ርእይ ሊቀርብ የነበረ የወረቀት ቅርጻ ቅርጽ መጥፋቱ ታወቀ። በሩ አልተሰበረም። ግድግዳው ጥግ ያለው በርሜል ግን እስከ አፉ ድረስ በረጠበ የወረቀት ቡኮ ተሞልቶ ተገኘ።

ሥራው የሁለት ሴቶች ነበር፤ የሳሌምና የኪንሲ። ሦስት ዓመት አብረው ሠርተዋል። የሲሚንቶ ወረቀት ከግንባታ ቦታ ይለቅማሉ፣ ይነክራሉ፣ ይወቅጣሉ። ቡኮውን ከደቻቱ ወንዝ ባመጡት የአሸዋ ክምር ላይ እየደፉ ቅርጽ ያወጡለታል። ከወረቀቱ ላይ የቀረውን የሲሚንቶ ብናኝ አያጥቡም። ይህ የኪንሲ ዘዴ ነው።

የጠፋው ሥራ ሰውም ዕቃም አይመስልም። የበር ስፋት አለው፤ ጎርፍ ሄዶ የተወው መሬት ዓይነት እጥፋት በእጥፋት ነው። ክረምቱን ግቢ ውስጥ ከርሞ የነሐሴ ዝናብ ወርዶበታል። ገና ሳይደርቅ ደግሞ የጎረቤት ፍየል ገብታ የግራ ጠርዙን ነክሳዋለች። ኪንሲ ልትደፍነው ስትል ሳሌም ከለከለቻት።

«ተዪው አቦ! ሦስተኛዋ ሠሪ እሷ ናት» ብላ ሳቀች።

ሐሙስ ዕለት ተጣሉ። የዐውደ ርእዩ አዳራሽ ኃላፊ አቶ ሰይፈ ሚካኤል ከሥራው ሥር የሚለጠፈውን ጽሑፍ ይዘው መጡ። የሳሌም ስም ብቻ ነበረበት። ሳሌም የጸሐፊው ስሕተት ነው አለች። ኪንሲ አላመነችም።

«ስሜ ከሌለበት፣ ወላሂ ወደ በርሜሉ እመልሰዋለሁ!»

ግቢው ሁሉ ሰማ።

ዐርብ ኪንሲ ወደ ሥራ አልመጣችም። ቤቴ ተኝቼ ዋልኩ ብላለች፤ ያያት ሰው ግን የለም። ሳሌም አዲስ አበባ ላለችው አክስቷ ፍራሽ ልትልክ ከሰዓት መናኸሪያ ሄደች፤ ማታ እናቷ ቤት አደረች። የሥራ ቤቱ ቁልፍ ሁለት ነው፤ አንዱ ከሳሌም ጋር፣ አንዱ ከኪንሲ ጋር።

ቅዳሜ አቶ ሰይፈ ሚካኤል በርሜሉን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ወረቀት አይደል? ውሃ ካገኘው ምን ይቀረዋል።»

ሳሌም መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። ባጃጅ ነጂው ገዲ ስለ እሷ መሰከረ። «ፍራሹን ከባጃጄ ጣሪያ ላይ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ‹ፍራሽ ነው ሳንቃ?› ብዬ እንኳ ቀልጄባታለሁ። ከዚያ እናቷ በር ድረስ አደረስኳት። እሷን ተዉአት።»

ኪንሲ ደረሰች። እጇን በርሜሉ ውስጥ ከታ ቡኮውን ጨመቀችው። በጣቶቿ መሃል ብናኝ ሳይኖረው ለስልሶ ወጣ።

«ይሄ የኛ አይደለም» አለች።

«አዎ፣ ከዛሬ ወዲያ የኛ የሚባል ነገር የለም» አለቻት ሳሌም። «እህቴ ነበርሽ እኮ፣ ኪንሲ። ማንም ቢያደርገው አንቺ ታደርጊዋለሽ?»

ኪንሲ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። አቶ ሰይፈ ሚካኤል እጃቸውን አነሡ። «ይበቃል፣ ልጄ። አፍሽ የማለውን እጅሽ ፈጸመው።»

ኪንሲ ቁልፏን የበርሜሉ ክዳን ላይ ትታ ወጣች።

ከዚያ በኋላ በከተማው አብሯት የሚሠራ ሠዓሊ አልተገኘም። የራሷን ሥራ ይዛ ብትመጣ አዳራሹ አልተቀበላትም። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስፌት ገባች። ሳሌም ወደ አዲስ አበባ ሄደች። አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ሲጠይቃት፣ ሰው ማመን እንዳቆመች ተናገረች።

ጥር 2018 ላይ ናይሮቢ ውስጥ የሳሌም ሥራዎች ለዕይታ ቀረቡ። ገዲ ፎቶውን ስልኩ ላይ አግኝቶ፣ ከፋብሪካ ስትወጣ ጠብቆ ለኪንሲ አሳያት። መግቢያው ላይ የበር ስፋት ያለው ሥራ ቆሟል። ሥሩ የአንድ ሰው ስም ብቻ ተጽፏል።

የግራ ጠርዙን ፍየል ነክሳዋለች።