ድንጋዩን ሆን ብላ ተወችው

"አካ! አካ ነይ! እየነከሳቸው ነው!"

ሂሩኒ ሰምታለች… ግን ከተቀመጠችበት ንቅንቅ አላለችም።

የምትጮኸው ትንሿ ሳንዱኒ ናት። የሂሩኒን አባት ካገባችው እናቷ ከኒልሚኒ ጋር ወደዚህ ቤት ከገባች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው።

"አካ" ታላቅ እህቴ ማለት ነው… ሂሩኒ ደግሞ እህት አምጡልኝ ብላ ማንንም አልጠየቀችም!

ቤቱ ኔጎምቦ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። የሂሩኒ አባት አንቶን ባሕር ጠልቆ የጌጥ ዓሣ የሚያወጣ ሰው ነው።

ሳሎኑ ውስጥ በባሕር ውኃ የተሞላ ትልቅ የመስታወት ገንዳ አለ። ውስጡ ያሉትን ድንጋዮች የደረደረችው የሂሩኒ እናት ናት… ከመሞቷ በፊት።

በድንጋዮቹ መሀል የሚንጎራደደው ደግሞ ሎኩ የሚሉት ሰማያዊ ዓሣ ነው።

የዚያኑ ዕለት ጠዋት አንቶን ብርቱካንማ ጥንድ ዓሦች ውኃ በሞላ ላስቲክ ይዞ መጣ።

"ለሳንዱ ናቸው። ሂሩ፣ አንቺ አስገቢያቸው፤ ታውቂበታለሽ" ብሎ ወደ ጀልባው ሮጠ።

አዎ፣ ታውቅበታለች።

ላስቲኩን ከነዓሦቹ ገንዳው ላይ አንሳፈፈች። ውኃውን እንዲለምዱት ከገንዳው ትንሽ ትንሽ እየቀዳች ጨመረችላቸው። እንዳይደነግጡ የገንዳውን መብራት አጠፋች።

አንድ ነገር ቀረ…

እዚያ ሰፈር አዲስ ዓሣ ሳይገባ በፊት የገንዳው ድንጋይ ቦታው ይቀያየራል። አለበለዚያ ነባሩ ዓሣ ሰፈሬን ደፈሩ ብሎ አዲሶቹን ነክሶ ይገድላቸዋል።

ሂሩኒ ድንጋዩን ሳትነካ ዓሦቹን ገንዳው ውስጥ ለቀቀቻቸው።

ረስታው እንዳይመስላችሁ!

ኒልሚኒ የልጇን ጩኸት ሰምታ ከጓዳ በሩጫ ወጣች።

የአንደኛው ዓሣ ጭራ ተቦጭቋል። ሌላው ጥግ ይዞ ተለጥፏል። ሎኩ ዞሮ መጣባቸው…

ኒልሚኒ እጇን ወደ ገንዳው ስትሰድ ሂሩኒ ዘላ ተነሳች።

"እንዳትነኪ! የእናቴ ነው!"



ኒልሚኒ እጇን ሰበሰበች። ገና ያልተራገፈውን ሻንጣዋን ጎትታ ዘጋችው።

"ነይ ሳንዱ… ጫማሽን አድርጊ።"

ይሄኔ የሂሩኒ ሴት አያት፣ አቺ የሚሏቸው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ከክፍላቸው ወጡ። ገንዳውን አዩ። ሂሩኒን አዩ።

"ድንጋዩን አዛውረሻል?"

ሂሩኒ ገንዳውን በጀርባዋ ከለለች።

"አዛውረሻል ወይ ነው የምልሽ!"

"የእማዬ ነው፣ አቺ…"

"እናትሽ ሕፃን ማስለቀሻ ነው የደረደረችው?"

ሂሩኒ አቀረቀረች።

አቺ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሎኩ ክፉ ሆኖ እኮ አይደለም የኔ ልጅ። ቦታዬን ይወስዱብኛል ብሎ ፈርቶ ነው። አንቺም እንደዚያው።"

የሂሩኒ እንባ ዱብ ዱብ አለ። ክንዷን እስከ ብብቷ ገንዳው ውስጥ ከተተች። አንዱን ድንጋይ ወዲህ፣ ሌላውን ወዲያ…

ውኃው ደፈረሰ። ሎኩ በድንጋዮቹ መሀል የነበረውን መደበቂያ ጉድጓዱን ፈለገ… የለም! እሱም እንግዳ ሆኖ ቁጭ አለ። ማሳደዱን ተወ።

"ጎሽ! አሁን ደግሞ ቤቱን!" አሉ አቺ።

አልጋ ተነሳ፣ ጠረጴዛ ዞረ፣ ወንበር ሁሉ ተቀያየረ። ኒልሚኒ ሻንጣዋን ትታ አብራ ገፋች።

አመሻሽ ላይ አንቶን በሩ ላይ ደረቀ።

"ቤት ተሳሳትኩ እንዴ?"

ሁሉም ሳቁ። እራት ሲቀርብ ግን ማን የት እንደሚቀመጥ ግራ ገባቸው…

ሂሩኒ እናቷ ከሞተች ወዲህ ማንም ያልተቀመጠበትን ወንበር ሳበች። አቺን አየቻቸው። አቺ ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

"ኒልሚኒ… እዚህ ተቀመጪ" አለች ሂሩኒ።

አሁን አንድ ያልነገርኳችሁን ልንገራችሁ…

አቺ የአንቶን እናት አይደሉም። የሟቿ እናት ናቸው!

አንቶንን አግባ ብለው የጨቀጨቁትም፣ ኒልሚኒን ቤቷ ድረስ ሄደው "ልጄ ሆነሽ ግቢልኝ" ብለው የለመኑትም እሳቸው ናቸው።

ወዳጆቼ፣ አዲስ ሰው ቤታችን ሲገባ "ቦታ ፈልጊ" ማለት አይበቃም። እኛም ከለመድነው ቦታ ትንሽ መነሳት አለብን።

እስቲ እውነቱን ተናገሩ… እናንተ በአቺ ቦታ ብትሆኑ፣ የሞተች ልጃችሁን ወንበር ለሌላ ሴት ትሰጡ ነበር? 👇