ከቀይ መስመሩ በላይ

ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሞላ ኃላፊው እንደ ልማዱ የሰዓት ፊርማው ላይ ቀይ መስመር ሊያሰምር መጣ፤ ከመስመሩ በታች የፈረመ አርፋጅ ነው። ሠራተኞቹ ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል፤ ገጹ ግን ባዶ ነበር።

«ምነው አትፈርሙም? ሽታዬስ፣ ዛሬም አረፈደች?»

«ትናንት ማስጠንቀቂያ ጽፈውባት የለ?» አሉ ሽማግሌው ጥበቃ። «እንዳላረፍድ ብላ ገና ሳይነጋ ወጣች። ቀሐ ወንዝ ጋ ተኩስ መሐል ገብታ ሞተች።»

ቀዩ እስክሪብቶ እጁ ላይ ቀረ። ሁልጊዜ ቀድመው የሚፈርሙት የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ዝናሽ ከጣቶቹ መሐል ወሰዱት። ተራ ቁጥር አንድ ላይ የሽታዬን ስም ጻፉ፤ ከሥሩ ቀዩን መስመር አሰመሩና ከመስመሩ በታች ፈረሙ። ሌሎቹም ተራ በተራ ከእሳቸው ሥር ፈረሙ።

የመጨረሻው ፈራሚ ከሥሩ ያለውን ባዶ ተራ እያሳየ እስክሪብቶውን ለኃላፊው ዘረጋለት።