የሞግዚት አውራ ጣት

ወይዘሮ አስካለ አርባ ዓመት ታክሲ ነድተው በስተርጅና የጨው ዕቃ ክዳን ናቃቸው። በአዲሱ ደንብ፣ ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ንብረት ላይ ያለ ክዳን ሁሉ የሚከፈተው ሞግዚቱ አውራ ጣቱን ሲያሳርፍበትና አረንጓዴ ሲበራ ብቻ ነው። የእሳቸው ሞግዚት የገዛ ልጃቸው ሕሊና ናት። እሷ ብቅ እስክትል ሦስት ቀን ጨው የሌለው ሽሮ በሉ።

ዛሬ ግን ጭንቁ የላዳ ታክሲያቸው ነበር። ካንዴላዋና የሞተር ማቀዝቀዣ ኩላንቷ ካልተለወጡ በነገው የተሽከርካሪ ምርመራ ትወድቃለች፤ የወደቀ መኪና ደግሞ ወደ ብረት ማቅለጫ ነው።

ሕሊና ስትነዳት ከዋለችው ላዳ ወርዳ ኮፈኑን በአውራ ጣቷ ከፈተችና ወዲያው እጇን ወደ ራዲያተሩ ክዳን ሰደደች። ወይዘሮ አስካለ በያዙት ጨርቅ ሸነቆጧት።

«እማዬ! ምን አደረግኩ?»

«የሚፈላ ድስት ልትከፍቺ ነዋ፣ የኔ ሊቅ! እንፋሎቱ ፊትሽን ሲልጠው አውራ ጣትሽ ሊያድንሽ ነው?»

«አረንጓዴ በራልኝ እኮ!»

«ላንቺማ ገሃነምም አረንጓዴ ይበራልሻል።»

ሞተሩ እስኪበርድ አንድ ሰዓት አስቀመጧት። ከዚያ የልጃቸውን አውራ ጣት እንደ መፍቻ ይዘው ክዳኑን ከፈቱ። አሮጌውን ኩላንት በሳፋ አፍስሰው አዲሱን ሞሉ፤ አራቱንም ካንዴላ ለወጡ። ላዳዋ አንዴም ሳታስል ተነሳች።

«ጎበዝ እኮ ነሽ፣ እማዬ!» አለች ሕሊና ትከሻቸውን መታ መታ እያደረገች።

«እጅሽን ሰብስቢ! ነገ በጠዋት ሞግዚት የሚመዘግበው ጽሕፈት ቤት ሄደሽ፣ ‹ሞግዚት የሚያስፈልገኝ እኔ ነኝ፤ እናቴን መዝግቡልኝ› በያቸው።»