ሐርላ ያልደረሰችው ብስክሌት

ተማም በምድር ባቡር ጋራዥ ሥራው ብሎን ማጥበቅ ነበር። ይህን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ የሚከተለው ታሪክ ብሎን አልጠብቅ ስላለው ሰው ነውና። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሉት ነገር ነው።

መዘዙን ያመጣው አፉ ነው። ሱቁን ዘግቶ ወደ አገሩ ከሚመለስ ግሪክ አንዲት ትንሽ ሞተር ገዛና «ብስክሌቴ ላይ አስሬ ድሬዳዋን አዞርባታለሁ» እያለ፣ የጃንሆይ ፎቶግራፍ በተሰቀለበት ሻይ ቤት ሁሉ አወራ። ወሬው ልቡን የሰቀለባት ቱሪያ ጆሮ ደረሰ። ቱሪያ የሐጂ ዐብዱላሂ ልጅ ናት፤ በአባቷ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ዘርግታ ልብስ ትሰፋለች። እሷ የሰፋችው ጠርዝ ዝንፍ አይልም ይባላል።

ተማም ሽማግሌ መላክ እንደሚፈልግ ለሐጂ ጠቆም ቢያደርግ፣ ሐጂ ጢማቸውን አሻሹ። መልሱ የመጣው ከስፌት መኪናው በኩል ነው።

«ከከተማ ወጥቶ ሐርላ መንደር ደርሶ ይመለስባት» አለች ቱሪያ ከጨርቁ ቀና ሳትል። «ሳይገፋት፣ ሳይሸከማት። ያኔ ሽማግሌ ይላክ።»

ሐጂ «ይሁን» አሉ። ተማም ደስታውን የሚያደርግበት አጣ። በእጄ ሥራ ባትተማመን ኖሮ እንዲህ ትል ነበር ወይ ብሎ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም።

አስቸጋሪው የኋላው ጥርስ ሆነ። ሞተሯ በካቴና የምታሽከረክረው ይህ ጥርሳም ክብ ብረት ከኋላው ጎማ ሽቦዎች ጋር በብሎን ይታሰራል። ከሞተሩ ጥርስ ጋር አንድ መሥመር ላይ ካልዋለ ካቴናው ይወልቃል። ጣጣው ይኸው ብቻ ነው፤ ይኸው ብቻ ግን ሰውየውን የመንደር መሳቂያ አደረገው።

ቱሪያ ደግ ናት። «ያንተ ክፍል ጠባብ ናት፣ ብስክሌቷ እዚሁ ግቢያችን ትደር» አለችው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ከክሯ ቆርጣ ትሰጠዋለች፤ እሱ ክሩን ከሞተሩ ጥርስ እስከ ኋላው ወጥሮ፣ ጎማውን እያሽከረከረ ያቃናል። እሷም አጠገቡ ቁጭ ብላ የትኛው ብሎን ምን እንደሚይዝ ትጠይቀዋለች። እንዲህ የሚጠይቀው ሰው አግኝቶ አያውቅምና፣ ያብራራውን መልሶ ያብራራል። መፍቻው እንዴት እንደሚያዝ ሁሉ አሳያት።

እሑድ ጠዋት ታዲያ ሞተሯን አስነሥቶ ሲወጣ፣ የደቻቱን ደረቅ ወንዝ አሸዋ እንኳ ሳይሻገር ካቴናው ውልቅ ይላል። ብስክሌቷን ትከሻው ላይ አድርጎ በመጋላ ገበያ መሐል ይመለሳል።

«ተማም በብስክሌት ይሄዳል ሲሉ ሰምቼ ነበር» አለች ጫት ሻጯ ሀዎ። «እኔ የማየው ብስክሌቷ በተማም ስትሄድ ነው።»

«ደክሟት ነው፣ አቦ» አለ ተማም። ከሚስቁበት ጋር አብሮ መሳቅ ይሻላል ብሎ ሳቀ። ውስጡ ግን እያረረ ነበር፤ እያንዳንዱ እሑድ ቱሪያን አንድ እርምጃ ሲያርቅበት ይታየዋል።

ቢቸግረው አንድ ቅዳሜ ብሎኑንና ብረቱን አያይዞ በቀይ ቀለም አሰመረባቸው። በማግሥቱ መሥመሩ አልገጥም አለ። ብሎኑ ዞሯል። ብሎን በራሱ ፈቃድ እንደማይዞር ደግሞ ሌላው ቢቀር እሱ ያውቃል።

ከዚያ ወዲያ ዓይኑ ሐጂ ላይ አረፈ። ጎህ ሲቀድ ለሱብሒ ሶላት ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድመው የሚነሡት እሳቸው ናቸው። ከጅቡቲ ጨርቅ የሚያመጣ ዒሴ የሚባል ወጣት ነጋዴም ሰሞኑን ከበረንዳው አይጠፋም፤ ሐጂ ጋብዘውት መሆን አለበት። ልጃቸውን ለብሎን አጥባቂ ከመስጠት ለነጋዴ ቢሰጡ ማን ይፈርድባቸዋል? ተማም ግን ፈረደባቸው።

ጥርጣሬውን ለቱሪያ ነገራት።

«አባቴ?» አለች። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «ሽማግሌ ናቸው፣ አትጋፈጣቸው» አለችው።

በእሱና በአባቷ መሐል መጨነቋ አሳዘነው። ይበልጥ ወደዳት።

በቀጣዩ እሑድ ካቴናው ከግቢው በር ብዙም ሳይርቅ ወለቀ። ተማም ብስክሌቷን ተሸክሞ ሲመለስ ሐጂ በረንዳው ላይ ለብቻቸው ተቀምጠዋል። የነጭ ጀለቢያቸው እጅጌ ጥቁር ግራሶ ነክቶታል። ግራሶውን ያውቀዋል፤ ትናንት የብስክሌቷን ጥርስ የቀባው እሱ ራሱ ነው።

«ሐጂ» አለ። «ድሃ ነህ፣ ልጄን አልሰጥህም ቢሉኝ እችለው ነበር። ብሎኔን ለምን ይነኩብኛል?»

ሐጂ እጅጌያቸውን አዩት። አልካዱም።

«ነክቻለሁ» አሉ። «ለሱብሒ በተነሣሁ ቁጥር እነካዋለሁ።»

«ምን በደልኩዎት?»

ሐጂ ወደ ስፌት መኪናው ዞር ብለው ሰው አለመኖሩን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ወላሂ ልጄ፣ ዓይኔ ደክሞ አልሆነልኝም እንጂ፣ ቱሪያ ማታ ማታ ያጣመመችውን ላቃናልህ ስታገል ነው የከረምኩት።»