ምስጥ የማይበላው ቤት

ከቀርከሃ ተጠልፎ የሚሠራው የዶርዜ ቤት ድሮ ከባለቤቱ ጋር ያረጅ ነበር። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ጎረቤት ተጠርቶ ያነሣዋል፤ የተበላው ተቆርጦ ይጣልና ቤቱ አጠር ብሎ ይቀመጣል።

ተመራማሪዎች ግን ምስጥ የማይደፍረው፣ ከተቆረጠም በኋላ ማደግ የማይተው ቀርከሃ አመጡና ለአንድ የዶርዜ ሰው፣ ለሻኖ፣ ቤት ሠሩለት። ቤቱ ወለሉን ይዞ በየሳምንቱ ከፍ ይላል። አሁን የበሩ ደፍ ከሰው ቁመት በልጦ መውጫው መሰላል ሆኗል። ጉልበቷን የሚያማት ሚስቱ አስካለች፣ «ታዝዬስ ሰው አያየኝም» ብላ ሳትወርድ ሁለት ወር ሆናት።

ዛሬ ከተመራማሪዎቹ አንዱ፣ ዶክተር ናሆም፣ ሜትሩን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ መጣ።

«አርባ ሴንቲ ጨምሯል፣ ጋሽ ሻኖ። ደስ አይልም?»

«ማንን? ከሥሩ እንቁረጠው ብዬህ ነበር።»

«ከተቆረጠማ ጥናቱ ይበላሻል።»

አስካለች ከላይ ሰማችው።

«በል ና እዘለኝ» አለች ባሏን።

ሻኖ አዝሎ በመሰላሉ አወረዳት። ዶክተሩ የቤቱን ውስጥ ሊለካ እየተጣደፈ ወደ ላይ ወጣ። ሻኖ መሰላሉን አንሥቶ ትከሻው ላይ አደረገ።

«ጋሼ፣ እኔስ በምን ልውረድ?»

«ምስጥ እንኳ የናቀውን ቤት አንተ ኑርበት» አለውና ሚስቱን ደግፎ ሄደ።