ራስጌ

ማንቸስተር ከገባች ሳምንቷ ነው፤ ልጇ ሆቴል እያሳደረ ያላዞራት ቦታ የለም። ስታዲየሙን አየች፣ ሐይቆቹን አየች፤ ዛሬ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ የድሮ ቤተ መንግሥት ደጅ፣ ኋላው በመጋረጃ የተከለለውን መኪናውን አቁሟል። የራሱን ቤት ግን ሊያሳያት አልወደደም።

"አንተ ባንተአምላክ! እኔ የሞተ ንጉሥ ቤት ልጎበኝ ነው ባሕር የተሻገርኩት?" ብላ ጮኸችበት። "የልጄ ወጥ ቤት ይገባል ያልኩት በርበሬ ሆቴል አልጋ ሥር ይክረም? ምን ያለችው ፈረንጅ ናት ደጅህን የዘጋችብኝ?"

"ቤቱ እየታደሰ ነው አልኩሽ እኮ፣ እማዬ።"

"ጡት ነካሽ! ስሸኝህ የሰጠሁህ የማርያም ሥዕልስ? ጣልካት?"

"ኧረ በፍጹም! ከራስጌዬ ሰቅያታለሁ።"

"እኮ አሳየኝ!"

ዝናቡ መጣ። ንዴቷ ሳይበርድላት ጃንጥላ ፍለጋ ወረደችና፣ "እማዬ፣ ተይው!" ብሎ ሳይጨርስ የመኪናውን የኋላ በር ወደ ላይ ብድግ አደረገችው።

ባለፈው ዓመት የላከችለት ጋቢ ከስስ ፍራሽ ላይ ታጥፏል፤ ከትራሱ ጎን ሳህን፣ ማንኪያና የጥርስ ብሩሽ። ማርያም ከተከፈተው በር ውስጠኛ ገጽ ላይ በፕላስተር ተለጥፋ ቁልቁል ታያታለች።