ያዕቆብ የተለካበት ክር

ያዕቆብ እንደሚሞት ያወቀው ማክሰኞ ዕለት፣ ከምሳ በፊት ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ለአንድ የትርጉም ድርጅት ከቤቱ ሆኖ ሲሠራ ኖሯል። ወንበሩ አልጋው፣ ጠረጴዛው ጭኑ ነበር። ላፕቶፑን ጭኑ ላይ ያስቀምጥና አንገቱን ደፍቶ፣ ጀርባውን አጉብጦ ቀኑን ሙሉ ይጽፋል። መጀመሪያ ማጅራቱን ቆረጠመው፤ ቀጥሎ ትከሻው ተያዘ፤ በመጨረሻ ጣቶቹ ይደነዝዙ ጀመር። ምልክቶቹን ኢንተርኔት ላይ ቢፈልግ አሥራ አንድ በሽታ አገኘ። ዘጠኙ ገዳይ ናቸው።

አባቱ አቶ መሸሻ በሽሮ ሜዳ የታወቁ ሸማኔ ናቸው። ከሰባ ሁለት ዓመታቸው ሃምሳውን ያሳለፉት ግቢው ጥግ ባለችው ዳስ፣ ከሽመና ጉድጓዳቸው አፋፍ ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን ወደ ታች ሰደው ነው። አንድ ቀን «ወገቤን» ብለው አያውቁም። ልጃቸውን አልጋ ላይ ተጣጥፎ ባዩት ቁጥር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ልጅየው ደግሞ ሽመናን የድሮ ሰው ሥራ ነው ብሎ ከተወው ቆይቷል።

ማክሰኞ አባትና ልጅ ክሊኒክ ሄዱ። ሐኪሙ የያዕቆብን አንገት ወዲያና ወዲህ አዟዟረ፣ ራጁን አየ፣ መነጽሩን አወለቀ።

«አንተ እስቲ ውጭ ጠብቀን፤ ከአባትህ ጋር ላውራ» አለው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በእኛ አገር የማያውቅ የለም። ክፉ ነገር ለዘመድ እንጂ ለታማሚው አይነገርም። ያዕቆብ በረንዳው ላይ ቆሞ ጠበቀ፤ አባቱ ሲወጡ ፊታቸው ተደቀነ።

«አባባ፣ ምን አለዎት?»

«ምንም። ደህና ነህ» አሉ አቶ መሸሻ፣ ዓይን ዓይኑን ሳያዩት።

ምናለ ትንሽ ሕመም እንኳ ቢሰጡት! «ደህና ነህ» ተብሎ የተረፈ ሰው ያዕቆብ አያውቅም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጋደም ባለበት እግሩን አንድ ነገር ነካው። በግማሽ ዓይኑ ቢያይ አባቱ ናቸው። የማግ ክር ይዘው ከጉልበቱ እስከ ተረከዙ ይለካሉ። ክሩን ቋጠሩበት። ከዚያ ከወገቡ እስከ ትከሻው፣ ከትከሻው እስከ ክርኑ ለኩ፤ ሁለት ቋጠሮ ጨመሩ። የተኛውን ላለመቀስቀስ በእግራቸው ጣት እየተራመዱ ወጡ። የተኛው ግን እስትንፋሱን ውጦ ነበር።

ሐሙስ አናጢው ቶለሳ መጣ። ያዕቆብን በመስኮት ከላይ እስከ ታች አየውና ወደ አባቱ ዞር አለ።

«ወርዱን ልጨምርበት እንዴ፣ ጋሼ?»

«ጨምርበት። ጣውላውም ደህና ይሁን፤ ለልጄ አልሰስትም። ለእሱ ብቻ እንዳትነግረው፤ እምቢ ባይ ነው።»

ለዚህማ ማን እሺ ይላል? አለ ያዕቆብ በልቡ።

ያን ዕለት እናቱ ወይዘሮ ዓለምፀሐይ ያለ በዓል ዶሮ ሠሩ። እግሩንም ክንፉንም ለእሱ አወጡለትና «በል ጠንከር በልልኝ» አሉት። የስንብት ዶሮ ነው ብሎ በላው።

አርብ አለቀሰ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አላገባ፣ አልወለደ። መሞቱን እጅግ አድርጎ ፈራ። በተለይ ደግሞ እንዲህ እንደጎበጠ መሞቱ ከነከነው።

ቅዳሜ ጠዋት ግን ሞት ላይቀር ማንቋረር አለና ለአለቃው ለሮሐ ደብዳቤ ጻፈ። ሥራውን በዛሬው ዕለት መልቀቁን ገለጸ። እሷ የምታርመው ጽሑፍ ሁሉ ከመታረሙ በፊት ይሻል እንደነበረም ነገራት። በየስብሰባው የምታወራው ቀልድ አንድም ቀን አስቆት እንደማያውቅ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የሳቀው ለደመወዙ ሲል እንደነበረ ጨመረበት። ላከው። ትከሻው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለለው።

ከዚያ እንጦጦ ማርያም ወጣ። ደጇን ተሳለመ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጠ፣ ከተማዋን አንድ በአንድ ተሰናበተ። ዊንጌት ትምህርት ቤትን ሲሰናበት የተማረበት ክፍል ትዝ ብሎት ንፍጡ ወረደ። ሰማዩ ሲያስገመግም ወደ ቤቱ ወረደ።

ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። የዕድሩ ድንኳን ነው፤ ቁጥሩ ሳይቀር ተጽፎበታል።

«ኧረ ሳልሞት!» አለ ያዕቆብ።

አቶ መሸሻ አካፋ ይዘው ከድንኳኑ ወጡ። እስከ ጉልበታቸው አፈር ሆነዋል።

«መጣህ? ዝናብ ሳይቀድመን ጨረስነው። ግባ።»

ውስጥ አዲስ የተቆፈረ ጉድጓድ አለ። ቶለሳ ጣውላ ተደግፎ ቆሟል። እናቱ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነዋል። ያዕቆብ ሰው የሚቀበረው ቤተ ክርስቲያን መሆኑን እንኳ ረሳ።

«አባባ፣ ነፍሴ እስክትወጣ እንኳ አይጠብቁም?»

«ይሄ ልጅ ምን ይቀባጥራል? ያዘው ቶለሳ!»

በግራና በቀኝ ይዘው ወደ ጉድጓዱ ሳቡት። ያዕቆብ ዓይኑን ጨፈነ፤ አቡነ ዘበሰማያት ጀመረ። ቂጡ ትራስ ላይ አረፈ። እግሩ ቁልቁል ሄዶ መሬት ረገጠ፤ ልክ ነው። አንድ ጣውላ ከክርኑ ሥር ገባ፤ ሌላው ከፊቱ ቆመ። ሳያስበው ጀርባው ቀና አለ። ከስድስት ወር ወዲህ ማጅራቱን ሳያመው ሲቀር ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ በቃ ሞቻለሁ አለ።

«ዓይንህን ግለጥ እንጂ! ሐኪሙ ሕመምህ ከአቀማመጥህ ነው ቢለኝ እንደ እኔ የሸማኔ ጉድጓድ አስቆፈርኩልህ። ላፕቶፕህን ላይኛው ጣውላ ላይ፣ የገዛሁልህን ኪቦርድ ታችኛው ላይ አድርግ» አሉት አቶ መሸሻ፤ «ከእንግዲህ ለዚያች አለቃህ እስከ ጡረታህ ድረስ ቀና ብለህ ትሠራላታለህ።»